የልብስ ሰፊዋ ባልና ቤታዎቿ

ሱሪ ሊያሳጥር የመጣውም፣ ዚፕ ሊያስቀይር የመጣውም የሚጠይቃት አንድ ነገር ነው። ልኬቱ እስኪወሰድለት ቆሞ መደርደሪያው ላይ ያሉትን ብልቃጦች ሲያይ ይቆይና፣ «እነዚህ ዓሣዎች ምን አጥፍተው ነው ለየብቻቸው የታሰሩት?» ይላል። እሷም በከንፈሯ የነከሰቻቸውን ስፒሎች ሳታወጣ፣ «እጅህን ዘርጋ» ትለዋለች።

የሰፈሩ ሰው እትዬ መርፌ ይላታል። ስሙ የወጣላት በሥራዋ ነው የሚሉ አሉ፤ በምላሷ ነው የሚሉም አሉ፤ ሁለቱም ወገን ማስረጃ አያጣም። የምትኖረውም የምትሠራውም ከጸጉር አስተካካዩ ሱቅ በላይ ባለው ፎቅ፣ ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ነው። በፊተኛው ክፍል የስፌት መኪናዋ፣ የመተኮሻ ጠረጴዛዋ፣ ቁመት ሙሉ የሚያሳይ መስታወትና ደንበኛ ልብስ የሚለካበት መጋረጃ አለ። በመስኮቱ በኩል ባለው መደርደሪያ ላይ ደግሞ ዓሣዎቿ ይደረደራሉ፤ አንድ ብልቃጥ፣ አንድ ካርቶን፣ አንድ ብልቃጥ፣ አንድ ካርቶን። ካርቶኑ ጨርቅ ተጠቅልሎበት ከሚመጣው ላይ በመቀሷ የቆረጠችው ነው። እዚያ የገባውም ወንዶቹ እንዳይተያዩ ነው።

ቤታ የሚባሉ ዓሣዎች ናቸው። የመጀመሪያውን ያመጣባት አንድ ደንበኛ ነበር። ካፖርቱን ሊያስጠብብ መጥቶ፣ «ከመንገድ እስክመለስ ይህንንም ያዢልኝ» ብሎ ብልቃጡን ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጠና ወጣ፤ እንደወጣ ቀረ። ካፖርቱን ብል በላው። ዓሣው ግን ቤቱ ተስማማው፤ እሷንም ለመዳት፤ ጣቷን ወደ ብልቃጡ ስታስጠጋ ወደ ላይ ብቅ ይል ጀመር። ከዚያ አንዱ ሁለት፣ ሁለቱ አምስት እያለ መደርደሪያው ሞላ።

ወንዱን ከሴቷ እንዴት እንደምትለይ ለሚጠይቃት፣ «ወንዱ ለሠርግ የተሰፋ ነው፤ ሴቷ ለሥራ ቀን» ትላለች። እውነትም የወንዱ ጭራና ክንፍ ጨርቅ ሳይቆጠብ የተሠራ ሽንሽን ቀሚስ ይመስላል። ቀይ ነው፣ ሰማያዊ ነው፣ ወይን ጠጅ ነው፤ እሱ ሲዞር ቀሚሱ ቆይቶ ይዞራል። የሴቷ ክንፍ አጭር፣ ቀለሟም ፈዘዝ ያለ ነው፤ ሆዷ ሥር ግን የጨው ቅንጣት የምታክል ነጭ ነጥብ አለቻት፤ እንቁላሏ የሚወጣው በዚያ ነው። ገና ልጅ ሳሉ ታዲያ ወንዱም ሴት ይመስላል። ያኔ የሚያጋልጠው ጠቡ ነው። ሌላ ወንድ ካየ የጉንጩን ክዳን ይገለብጥና ከሥሩ ጢም የመሰለ ጥቁር ነገር አውጥቶ ከራሱ እጥፍ ያክላል። ሴቶቹም ቢሆኑ ጨዋ አይደሉም፤ ነገር ግን ሰፋ ያለ ገንዳና መደበቂያ ካገኙ፣ ተናክሰው ተናክሰው ማን የማን የበላይ እንደሆነ ከለዩ በኋላ አብረው ይኖራሉ። ሁለት ወንድ በአንድ ውሃ ውስጥ ግን አይታሰብም።

ታች ያለው ጸጉር አስተካካይ ይህን አላምን ብሎ ነበር። አንድ ሰማያዊ ወንድ ለምኖ ወሰደና ደንበኛ ይስብልኛል ብሎ ከትልቁ መስታወት ፊት አስቀመጠው። ዓሣው መስታወቱ ውስጥ ካለው ከራሱ ጋር ሲጣላ ዋለ፤ ሲጣላ ሰነበተ። በመጨረሻ ደክሞ ብልቃጡ ግርጌ ተጋድሞ ጸጉር አስተካካዩ ሲያገኘው ይዞት ደረጃውን እየሮጠ ወጣ።

«እትዬ፣ ዓሣዎ ታሟል መሰለኝ።»

«አልታመመም። አንተ ቀኑን ሙሉ ከጠላትህ ጋር ፊት ለፊት ብትቀመጥ ምን ትሆናለህ?»

«እኔማ ዕድሜዬን ሙሉ ከመስታወት ፊት እንደቆምኩ ነው።»

«ለዚህ ነዋ ሥጋ ያልያዝከው» አለችና ብልቃጡን ተቀበለችው።

ከሁሉ የሚበዛው ግን የአማላጆቹ ጥያቄ ነው። «ለዚህ ቆንጆ ለምን ሚስት አታመጪለትም?» ይሏታል። «ሚስትማ አለችው፤ ማዶ ነው የምትኖረው» ትላለች። «ሲፈላለጉ ይገናኛሉ። ሲጨርሱ እሷ በቤቷ፣ እሱ በቤቱ። ሰላም ነው።» ይህን ስትል የምትናገረው ስለ ዓሣ ብቻ እንዳልሆነ ሰሚው ሁሉ ያውቅ ነበር፤ የእሷም ትዳር እንደዚያው ነበራ።

ባሏ የከባድ መኪና ሾፌር ነበር። ተሳቢ ይነዳል፤ ከወደብ ይጭናል፣ ድንበር ድረስ ሄዶ ያራግፋል። ሁለት ሳምንት መንገድ ላይ፣ ሁለት ቀን ቤት። ሲመጣ ይታጠባል፣ ይበላል፣ ይተኛል፣ ልጁን ይስማል፤ ከዚያ ንጹሕ ልብስ በቦርሳው ይዞ ይሄዳል። ጎረቤቱ ባልና ሚስት ማለት እንደነሱ ነው ይል ነበር። አንድ ቀን ሲጨቃጨቁ የሰማቸው የለም። እንዴት ይጨቃጨቁ? ጭቅጭቅ ጊዜ ይፈልጋል፤ እነሱ ደግሞ ለናፍቆት የሚበቃ ጊዜ እንኳ አልነበራቸውም።

ኋላ ወገቡ እምቢ አለ። ሐኪሙ ከመሪ ጀርባ መቀመጥ ይብቃህ አለው፤ መሥሪያ ቤቱም አመስግኖ ሸኘው። እሱም የጋቢናውን ትራስና ትንሿን ሬዲዮ በክንዱ ታቅፎ ደረጃውን ወጥቶ ገባ። ገባና ቀረ።

ጠዋት ሰው ሳይነሣ ይነሣል። ሾፌር ነውና ሞተር የሚያሞቅ ይመስል ከክፍል ክፍል ይመላለሳል። ሬዲዮ ይከፍታል። በሩ ሲንኳኳ ቀድሞ የሚደርሰው እሱ ነው፤ ደንበኛውን ወንበር ላይ አስቀምጦ፣ «በየት በኩል መጡ? በዚያ በኩልማ መንገዱ ተቆፍሯል» ይላል። ቀሚስ ልትለካ የመጣች ሴት መጋረጃው ውስጥ ሆና እሱ እስኪወጣ ትጠብቃለች፤ እሱ አይወጣም፤ የት ይውጣ? የሚስቱን መቀስ ያነሣና እሷ በሕልሟም የማትፈልግበት ቦታ ያስቀምጠዋል። አንድ ቀን የሱሪ ጠርዝ ስትሰፋ ከኋላዋ ቆሞ፣ «ወደ ግራ አልሄደብሽም?» አላት። እሷም የስፌት መኪናውን አቆመች።

«ፍሬን ይዣለሁ» አለችው። «ከፈለግህ ና፣ አንተ ንዳው።»

እሱ ስቆ ሄደ። እሷ ግን አልሳቀችም።

ክፉ ሰው አይደለም። ይህን አሳምራ ታውቃለች፤ መከራዋም ይኸው ነበር። ቢጠጣ ወይ ቢማታ ለሰው የሚነገር ነገር ታገኝ ነበር። አሁን ለማን ምን ትበል? ባሌ ቤት ተቀመጠብኝ ተብሎ አይከሰስ። ሰላሳ ዓመት ለብቻዋ የተነፈሰችበት ክፍል ጠበባት፤ አንዳንዴ ክር ልግዛ ብላ ትወጣና ክር ሳትገዛ የመናፈሻ ወንበር ላይ ተቀምጣ ትመለሳለች።

በሌላ ከተማ የምትኖረው ልጃቸው በቅርቡ ወልዳለች። በስልክ፣ «እማ፣ ነይና እኔ ጋ ኑሪ። ክፍል አለ፤ የስፌት መኪናሽንም እናስገባለን» ትላት ጀመር። መርፌ መጀመሪያ ሳቀች፤ ቀጥላ አሰበችበት፤ በመጨረሻ እሺ አለች። ለባሏ ግን አልነገረችውም። ነገ እነግረዋለሁ እያለች ነገው ሲመጣ፣ እሱ ደግሞ ገና በማለዳው ሻይ አፍልቶ ሲያቀርብላት፣ ነገሩ እየተንከባለለ ከረመ። ልጅቷ መኪና ይዛ የምትመጣበት ቅዳሜ ግን ተቆርጦ ነበር፤ የወሩ የመጨረሻው ቅዳሜ።

ከዚያ በፊት አንድ ጉዳይ ልትጨርስ ፈለገች። ከዓሣዎቿ ሁሉ የምትወደው ቀዩ ወንድ እያረጀ ነው፤ ዘሩን ሳትይዝለት መንገድ መውጣት አልሆነላትም። አንዲት ብርማ ሴት መረጠችለትና አንድ ገንዳ በመሐል በጠራ የመስኮት መስታወት ከፍላ ሁለቱን ግራና ቀኝ አስገባቻቸው። ይተያያሉ፣ አይነካኩም። ወንዱ ወዲያው ሥራ ጀመረ። ይህ ዓሣ አፉን ከውሃ በላይ አውጥቶ አየር የሚስብ ነው፤ የሳበውን በምራቁ እየጠቀለለ ይተፋውና ውሃው ላይ የአረፋ ጎጆ ይሠራል።

ሾፌሩ ወንበሩን ወደ ገንዳው አስጠግቶ ያይ ነበር።

«አሁን ምንድነው የሚጠበቀው?»

«እሷ ናታ የምትጠበቀው። ስትዘጋጅ ጎኗ ላይ መስመር ይወጣል። ያኔ መስታወቱ ይነሣል።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ያቅፋታል፤ እንቁላል ትጥላለች። እንቁላሉን በአፉ ለቅሞ ጎጆው ውስጥ የሚከተው እሱ ነው። የወደቀውን የሚያነሣው፣ የሚጠብቀውም እሱ።»

«አባትየው ነው የሚያሳድገው?»

«አባትየው።»

«እናትየውስ?»

«እሷን ወዲያው ማውጣት ነው። ከቆየች ይነክሳታል።»

ሾፌሩ አረፋ የሚሠራውን ወንድ በዓይኑ ተከተለው። የራሱ ልጅ ስትድህ፣ ጥርስ ስታበቅል፣ ትምህርት ቤት ስትገባ መንገድ ላይ ነበር። ነገሩ የት ላይ እንደነካው መርፌ ገብቷታል፤ ግን የሚያለሰልስ ቃል አልጨመረችበትም። ያን ሰሞን የሚያለሰልስ ቃል አልነበራትም።

በማግስቱ ያለቀ ቀሚስ ልታደርስ ወጣች። «ምንም አትንካ» አለችው፤ እሱም «ምን እነካለሁ?» አለ። ስትመለስ በሩ ላይ ቆሞ አገኘችው። የሸሚዙ እጅጌ እስከ ክርኑ ረጥቧል፤ በእጁ የሻይ ብርጭቆ ይዟል፤ ብርጭቆው ውስጥ ብርማዋ ሴት ነበረች። ጭራዋ እንደ አሮጌ ጨርቅ ተተልትሏል፣ በአንድ ጎኗ ቅርፊቷ ተነሥቷል።

«መስታወቱን አነሣሁት» አለ።

«ለምን?»

«ቀኑን ሙሉ ያያታል፤ መሄድ አይችልም። አላስቻለኝም። ደግሞ መስመሩን አይቻለሁ። መስመር ሲወጣ ይነሣል ብለሽኛል።»

መርፌ ብርጭቆውን ወደ ብርሃን አነሣችው። መስመርስ ነበር፤ ከራሷ እስከ ጭራዋ በርዝመቷ የተጋደመ ጥቁር መስመር። የተዘጋጀች ሴት መስመሯ ፈዛዛ ሆኖ ከጀርባዋ ወደ ሆዷ ይወርዳል። ይህ የተጋደመው የፍርሃት ነው። ለሾፌር ግን መስመር ማለት በርዝመቱ የተሰመረ ነው፤ ሌላ ዓይነት መስመር በሕይወቱ አላየም። ሌላ ጊዜ ቢሆን ኖሮ በዚህ ትስቅበት ነበር።

«ይህ እኮ መንገድ አይደለም» አለችው። ድምጿን ከፍ አላደረገችም፤ እንዲያ ስትሆን ነው የሚፈራው። «አንተ ቤት መኖር አትችልበትም። መንገድ ላይ ጥሩ ባል ነበርክ። እዚህ ግን የያዝከው ሁሉ ይበላሻል። እኔ ልጄ ጋ ልሄድ ነው።»

«ልትጠይቂያት?»

«ልኖር።»

ሾፌሩ ብርጭቆውን አየ። «እሷን የት ላድርጋት?» አለ። ዓሣዋን ማለቱ ነበር።

ንጹሕ ውሃ ውስጥ አድርጋት አለችው፤ ትንሽ ጨው፣ ሞቅ ያለ ቦታ፣ ከላይ ጨርቅ ጣል አድርግበት። አደረገ። በየጠዋቱ ውሃውን የሚቀይረው እሱ ሆነ፤ አዲሱን ውሃ ከአሮጌው ጋር በትንሿ ጣቱ ያመዛዝናል፣ ሙቀቱ ካልተካከለ ይጠብቃል። ስለ መሄዷ አንድ ቃል አላነሣም። ሬዲዮው ተዘጋ። በሩ ሲንኳኳ ኮቱን አንሥቶ ወደ ጸጉር አስተካካዩ ይወርድና ደንበኛው እስኪሄድ እዚያ ይቀመጣል። ክፍሉ እንደ ድሮው ጸጥ አለ። መርፌ ይህን ነበር ስትለምን የከረመችው፤ አሁን ሲመጣላት ግን በየመሐሉ የስፌት መኪናዋን እያቆመች ደረጃው ላይ ኮቴ ታዳምጥ ጀመር። በራሷም ተናደደች።

የዓሣዋ ጭራ እንደገና መብቀል ሲጀምር ጠርዙ እንደ ላስቲክ የሚያሳይ ነበር። ሾፌሩ ጨርቁን ገልጦ አሳያት።

«ለቀዩ እንደገና ብናሳያት ይቅር ትለዋለች?»

«ዓሣ ይቅር አይልም፤ ይረሳል።»

«እሱም አንድ ነገር ነው» አለና ጨርቁን መለሰው።

ቅዳሜ መጣ። ልጃቸው ሕፃኑን ከኋላ ወንበር አስተኝታ፣ መኪናዋን ከበሩ ፊት አቁማ ደረጃውን ወጣች፤ ሁለቱንም ሳመች፤ አየሩን አሸተተችና ነገር መኖሩን ስላወቀች፣ «ሕፃኑ እንዳይነሣ ታች እጠብቃለሁ» ብላ ወረደች። አባትየው ዕቃ ይጭን ጀመር። ወገብህ ቢሉት አልሰማም። የስፌት መኪናዋን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ፣ ተሳቢ ሲጭን በሚቋጥረው ቋጠሮ በገመድ አሰረው። ብልቃጦቹን በየሳጥኑ ደርድሮ ጨረሰ፤ አየር የሚስቡበት ቦታ እንዲኖር ውሃውን ቀንሶ፣ ክዳኑን በስቶ፣ በየመካከሉ ካርቶን ገብቶ፣ ክፍተቱ በቁራጭ ጨርቅ ተሞልቶ። መርፌ የሚስተካከል ነገር ፈለገች፤ አላገኘችም።

«ቀዩንና ብርማዋን አንድ ሳጥን ውስጥ አላደረግኳቸውም» አላት። «መንገድ ላይ ቢተያዩ ይጨነቃሉ።»

የመጨረሻውን ሳጥን አቅፎ የደረጃው አናት ላይ ሲደርስ ከኋላው ጠራችው።

«አንተ ምንም አትልም እንዴ?»

«ምን ልበል?» ወደ እሷ ዞረ። «ያን ሁሉ ዓመት ስሄድ አንድ ቀን አልተቆጣሽኝም። ቦርሳዬን ታቀብይኛለሽ፣ በሰላም ግባ ትይኛለሽ፣ በሩን ትዘጊያለሽ። አሁን ተራው የኔ ነው ብዬ ነው።»

መርፌ የበሩን እጀታ ይዛ ቆመች።

«ተቆጥቼ ነበር» አለች።

«መቼ?»

«ሁልጊዜ። ደረጃውን ወርደህ ሳትጨርስ እዚህ በር ሥር ቆሜ እቆጣ ነበር። ልጅቷ የታመመች ጊዜ። ጣራው ያፈሰሰ ጊዜ። እናቴን ቀብሬ የመጣሁ ጊዜ፣ አንተ በሳምንቱ ደርሰህ፣ ሁለት ቀን ተኝተህ ሄድክ። እና አልተቆጣሽም ትለኛለህ?»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«መሪ የያዘ ሰው በሐሳብ እንዳይነዳ ነዋ።»

ሾፌሩ ሳጥኑን ወለሉ ላይ በቀስታ አስቀመጠው። ከዚያ የደረጃውን ብረት ይዞ፣ ወገቡን እየደገፈ፣ የመጀመሪያው ደረጃ ላይ ተቀመጠ። ፊቱን ወደ እሷ አዞረ።

«በይ አሁን ተቆጪ» አላት። «የትም አልሄድም።»

እሷም ጀመረች። ከየት እንደጀመረች፣ የቱን ዓመት ከየቱ እንዳስቀደመች ለራሷም አልታወቃትም። ድምጿ ደረጃውን ይዞ ወረደ፤ ታች ጸጉር አስተካካዩ መቀሱን አቆመ። እሱ ቁጭ ብሎ ይሰማል፤ አንዳንዴ «እሺ» ይላል፤ አንድ ጊዜ ዓይኑን ጠረገ። እሷ ደግሞ እያለቀሰች ትቆጣለች፣ እየተቆጣች ከአጠገቡ ትቀመጣለች፣ ተቀምጣም አላበቃችም። ልጅቷ በመኪናዋ መስኮት ወደ ላይ ቀና ብላ ለጥቂት ጊዜ አዳመጠች። ከዚያ ለመንገድ አስነሥታው የነበረውን ሞተር አጠፋች።